«የጎዳኋት እኔ ነኝ» ያለው ሐኪም

ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጎረቤቴን ልጄን የበላች ቡዳ ናት ብዬ ኖርኩ። በሆዴ ይዤው ብኖር ደግ ነበር። እኔ ግን በወንዝ ዳር፣ በገበያ፣ በልቅሶ ቤት፣ ጆሮ ለሰጠኝ ሁሉ አወራሁት። አሁን የምነግራችሁ ያ ያወራሁት ነገር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ እንዴት እንደተገለበጠብኝ ነው። የሆስፒታሉንም የሐኪሙንም ስም አልጠራም። የራሴን ግን እጠራለሁ፤ አለምነሽ እባላለሁ።

የምኖረው ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ገብስ እንዘራለን፣ በግ እናረባለን። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ይህንንም ጽሑፍ ፊደሉን ያረመችልኝ ልጄ ብርቱካን ናት። አራት ወልጄ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። አባቷም ካረፈ ቆይቷል። ስለዚህ ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር የእኔ ነፍስ ትወጣለች። ሰው ይስቅብኛል። «ብርቱካን ብርድ ሲመታት አለምነሽ ቀድማ ታስላለች» ይሉኛል።

ጎረቤቴ ያልኳችሁ ዘነቡ ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ናት። በእኛ አገር የሸክላ ሠሪውን ድስት እንገዛዋለን፣ ዓይኑን ግን እንፈራዋለን። ማን እንዳስተማረን አናውቅም። እናቴ ትፈራ ነበር፣ እኔም ፈራሁ። ብርቱካን አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለች ጉሮሮዋን አሟት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ወረፋ ስንጠብቅ ዘነቡ አጠገባችን ተቀምጣ «ምን የመሰለች ልጅ ናት!» አለች። በዚያው ዕለት፣ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ሳንርቅ፣ ልጄ ፊቷ አብጦ ትንፋሿ አጥሮ ወደቀች። ሰው ተሰበሰበ። «ዘነቡ በላቻት!» ተባለ። ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው የበላችው ራሷ ምራቋን እንትፍ ስትልበት ነው ይባላል። ጎትተን አመጣናት። እያለቀሰች ልጄ ላይ እንትፍ አለች። ልጄም ተነሣች። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራጠራል? ተፍታ ካዳነች የበላችው እሷ ናት ተባለና አለቀ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልውሰዳችሁ።

ብርቱካን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ማክሰኞ ሆዴን አለች፤ ብርድ ነው ብዬ ፌጦ አጠጣኋት። ረቡዕ አስመለሳት። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ቀና ብላ መሄድ አቃታት፤ ቀኝ ጎኗን ይዛ እንደ አሮጊት ጎበጠች። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ አደረሷት። ከላይ በመጣ አይሱዙ ጭነን ወረድን። አራቱ ተሸካሚዎችም ከነቃሬዛቸው አብረውን መጡ፤ በእኛ ዘንድ በሽተኛ የተሸከመ ሰው መጨረሻውን ሳያይ አይመለስም። ወንድሜ ሞላ ጨነቅ ካምፕ ስካውት፣ የፓርክ ጠባቂ ነው። በስልክ ስነግረው «እመጣለሁ እታለም። እኔ ሳልደርስ ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርሚ» አለኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። ዓይኑ የእንቅልፍ ያለህ ይላል። «ቁጭ ይበሉ እናቴ» አለኝና የልጄን ሆድ በጣቶቹ ጫን አደረገው። ጥርሷን ነከሰች እንጂ አልጮኸችም። እጁን ድንገት ሲለቅ ግን ክፍሉን በጩኸት አናጋችው።

«ትርፍ አንጀቷ ነው» አለኝ። «ፈንድቶ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት መግሉ ሆዷ ውስጥ ይሰራጫል።»

«ትሞትብኛለች?»

«ካልዘገየን አትሞትም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የማይስማማት መድኃኒት አለ? መድኃኒት ጎድቷት ያውቃል?»

«ኧረ የለም ልጄ። መድኃኒት ምንም አርጓት አያውቅም።»

ልጄንም ጠየቃት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። እሷስ ምን ታውቅ? «ዘነቡ የበላችሽ ጊዜ» እያልን ነው ያሳደግናት። ሐኪሙ መልሳችንን ጻፈና ወጣ።

ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል አስገቡን። ነርሷ የልጄ ክንድ ላይ በተሰካው ቱቦ መድኃኒት እየሰጠች «ይህ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚሰጥ ነው እናት፣ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ» አለችኝ። እኔ ነርሷን አልሰማኋትም። ከመስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ ተነሥታ ወደ እኛ የምትመጣውን ሴት ነበር የማየው። ዘነቡ ናት! እህቷ ሳንባዋን ታማ ኖሮ እሷን እያስታመመች ሳምንቷ ነው።

«አለምነሽ፣ ምን አገኛት? እግዜር ይማራት» አለችና እጇን የአልጋው ብረት ላይ አሳረፈች።

ነጠላዬን አውርጄ የልጄን ፊት ሸፈንኩ። ዘነቡ ገባት። እጇን ከብረቱ ላይ ቀስ ብላ አነሣች።

ወዲያው ከነጠላው ሥር «እማ… እማ፣ ጉሮሮዬ…» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ስገልጠው ከንፈሯ አብጧል፣ ዓይኗ ተደፍኗል፣ አንገቷ ላይ ንብ የነደፋት ይመስል ድብልብል ያለ ነገር ወጥቷል። ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል። እንደዚያን ጊዜው! እንደ ዛሬ ስድስት ዓመቱ! ቀና ስል ዘነቡ ቆማ ታያታለች።

«በላቻት! ደግማ በላቻት! ኧረ የሰው ያለህ!»

ነርሷ ወደ ውጭ ተጣራች። ሐኪሙ ሮጦ ደረሰ፤ ጭኗ ላይ መርፌ ወጋት፣ እግሯን ከፍ አስደረገ፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ የአየር ጭንብል አደረገላት። «እናቷን አውጡልኝ!» ሲል ሰማሁት። ሁለት ሰዎች ብብቴን ይዘው ኮሪደር ላይ አወጡኝ። እኔ ግን አፌን አልዘጋሁም። ጩኸቴን የሰሙት የቃሬዛ ሰዎች ከግቢ ገቡ። ከኋላቸው ሞላ። መሣሪያውን በር ላይ ለጥበቃው አስረክቦ ነው የገባው፤ ዱላው ግን በእጁ ነበር።

«የታለች?» አለ።

ጠቆምኩት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን በዚህ ጣቴ ነው የጠቆምኩት።

ዘነቡን ከክፍሉ በር ላይ ክንዷን ይዞ አወጣት። «እንትፍ በይባት! አሁን፣ በቶሎ!»

«አልተፋም» አለች ዘነቡ።

«ልጅቷ እየሞተች ነው!»

«ያኔ የተፋሁት ሕፃኗ አሳዝናኝ ነው። ቢያድናት ብዬ ነው። ያቺን ምራቅ ከእኔ ፊት ላይ እስከ ዛሬ አልጠረጋችሁልኝም። ብተፋ ቡዳ ነኝ፣ ባልተፋ ገዳይ ነኝ። እንግዲህ ግደሉኝ እንጂ አልተፋም።»

ሞላ ዱላውን አነሣ። በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ጓንቱን እንዳጠለቀ ወጣ። እጁን ዘርግቶ መሀላቸው ቆመ።

«ልጅቷ ትንፋሽ እያገኘች ነው» አለ። «ማንም ማንም ላይ አይተፋም። ይህችን ሴት የነካ መጀመሪያ እኔን ይነካል። አሥር ደቂቃ ስጡኝ፣ መጥቼ አነጋግራችኋለሁ።»

አሥር ደቂቃ የሚባለው ምን ያህል እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሞላ ሲንጎራደድ፣ ጥበቃው ዘነቡን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ከፊቷ ሲቆም፣ እኔ ሾልኬ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ልጄ የተኛችበት በመጋረጃ ተከልሏል። ከመጋረጃው ወዲህ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ትንፋሿ ሲረጋ ይሰማኛል። ከዚያ የሌላ ሰው ሹክሹክታ ሰማሁ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ናት፣ በዕድሜ ጠና ያለች።

«ዶክተር፣ ለጊዜው ዝም በል።»

«ምን ብዬ ነው ዝም የምለው?»

«ቡዳ ነው እያሉ ነው። አንተ አላልክ፣ እኔ አላልኩ። ሴትዮዋን በጓሮ በር እናስወጣትና ነገሩ ይበርዳል። መድኃኒታችን ነው ብትላቸው ያ ወንድምየው ይገድልሃል። ባለፈውም የሌላ በሽተኛ ዘመዶች ሲነሡብን በስንት ገላጋይ ነው የተረፍነው።»

«ሴትዮዋስ?»

«እሷማ ለምዳዋለች።»

እኔ በዚህች ቃል ምን እንደተሰማኝ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ አሁንም ድረስ ግን ጆሮዬ ላይ አለች። ለምዳዋለች።

«ሲስተር፣ መድኃኒቱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ ሐኪሙ። «ቡዳ ነው ብለው ካመኑ አሁን አንሥተዋት ይሄዳሉ፣ መንገድ ላይ ትሞታለች። ብትተርፍ እንኳ አንድ ቀን ሌላ ቦታ ይህንኑ መድኃኒት ይሰጧታል። ማን ይጠይቃል? ቡዳ ነዋ በሽታዋ!»

«እናት የለህም አንተ? ለእናትህ ስትል…»

«ለእናቴ ብዬ ነው፤ ዋሽቼ ዓይኗን ማየት አልችልም» አለና መጋረጃውን ገለጠ። እግሩ ሥር አገኘኝ።

እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። ክንዴን ይዞ አነሣኝ። «ይምጡ እናቴ፣ ወንድምዎም ባለበት ልናገር» አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ወጣን። ሞላ አለ፣ አራቱ የሰፈር ሰዎች አሉ፣ ዘነቡ ወንበሩ ላይ አለች። ሐኪሙ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ልጃችሁን የጎዳት ይህች ሴት አይደለችም። የጎዳኋት እኔ ነኝ። ያዘዝኩት መድኃኒት ለብዙ ሰው ደኅና ነው፤ ለአንዳንድ ሰው ሰውነት ግን መርዝ ይሆናል። ከእነዚያ አንዷ እሷ ናት። ሳላውቅ ነው፤ ግን የእኔ ትእዛዝ ነው። አሁን ማርከሻውን ሰጥተናታል፣ እየተመለሰች ነው።»

ሞላ የነጭ ካፖርቱን ደረት ጨምድዶ ያዘው። አንዲት ቁልፍ ተበጥሳ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። «ልትገድላት ነበር ማለት ነው?»

«አዎ። ልትሞት ትችል ነበር።»

«ይህን በአፍህ ትናገራለህ?»

«ሌላ በምን ልናገር?»

ከቃሬዛው ሰዎች አንዱ ፊቱን አዞረ። ሞላ እጁን ለቀቀና ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ እታለም? ራሱ ጎዳኋት እያለ ደግሞ ሆዷን ልክፈት ይላል! ይህ ቄራ ነው እንጂ ሆስፒታል አይደለም። ቃሬዛውን አምጡ! ወደ ማርያም ጠበል ነው የምንወስዳት።»

«እናቴ» አለ ሐኪሙ፣ ወደ እኔ ብቻ እያየ። «ልይዛችሁ አልችልም፣ ልጅዎ ናት። ጠበሉንም አልነቅፍም፣ እኔም ተጠምቄበት ነው ያደግሁት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቄሱ እዚህ ይምጡና ይርጯት፤ እንዳትጠጣ ብቻ። አሁን ከወጣች ግን የሆዷ መግል አይጠብቃትም። ከእኔ እጅ ሌላ እጅ ከፈለጉ ጎንደር እጽፍላችኋለሁ፤ አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል፣ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። መጠበቁ ለእሷ ጥሩ አይደለም። እውነቱ ይኸው ነው።»

ቃሬዛው ሲጎተት ተሰማኝ። የጥድ እንጨቱ ሲሚንቶውን እየፋቀ መጣ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ» አለ ሐኪሙ። «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆና ታውቃለች? ማን እንዲህ አደረጋት አላልኩዎትም። ምን አዩ? በዓይንዎ ያዩትን በተራ በተራ ይንገሩኝ። ሌላ መድኃኒት ልሰጣት ነው፤ እሱንም እንዳልሳሳት ነው የምጠይቅዎ።»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያን ጊዜ ያስፈራኝ የልጄ ሞት ብቻ አልነበረም። አፌን ከከፈትኩ ስድስት ዓመት ያወራሁት ሁሉ ይፈርሳል። ወንድሜ እዚያ አለ፣ የሰፈሬ ሰዎች እዚያ አሉ። ዘነቡ ተቀምጣ ታየኛለች። አትለምነኝም። የምትጠብቀኝም አይመስልም። እንደማልናገር እርግጠኛ የሆነች ሰው ነበር የምትመስለው።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ያቺ የጤና ጣቢያ ደጃፍ መጣችብኝ። በተራ በተራ አለኝ፤ እኔም በተራ በተራ አሰብኩት። እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

«መርፌ ተወግታ ነበር» አልኩ።

«መቼ?» አለ ሐኪሙ።

«የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ለጉሮሮዋ። ተወግታ ወጣን። ደጃፉ ላይ አበጠች፣ ትንፋሿ ጠፋ። የጤና ጣቢያው ልጅ ሮጦ መጣና ጭኗ ላይ ሌላ መርፌ ወጋት። አሁን እንዳንተ። ከዚያ… ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።»

«እታለም፣ ምን እያልሽ ነው?» አለ ሞላ። «ዓይኗን የገለጠችማ ዘነቡ ከተፋች በኋላ ነው።»

«አይደለም ሞላ። ዘነቡን ጎትታችሁ ስታመጧት ልጄ ዓይኗን ገልጣ እኔን ታየኝ ነበር። እማ ብላኛለች። ምራቁ ከዚያ በኋላ ነው።»

ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች መሬት አስቀመጡት።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ጥፋቱ የጥያቄዬም ነው» አለ። «መድኃኒት ጎድቷት ያውቃል ወይ ብዬ ፍርድ ጠየቅሁዎት። መርፌ ተወግታ ታማ ታውቃለች ወይ ማለት ነበረብኝ። አሁን የነገሩኝ ነገር ያድናታል።»

የቀዶ ጥገናውን ማስፈረሚያ ወረቀት አመጡ። ሞላ «እኔ አላምንበትም» አለ። «እኔ አምኜበታለሁ» አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ እምቢ እያለ አደረግሁት። ለሐኪሙም «ልትዋሸኝ ስትችል አልዋሸኸኝም። ልጄን ላንተ ነው የምሰጥ» አልኩት። ስሜን ስጽፍ «ነሽ» የሚለው ከመስመሩ ወርዶ ቀረ።

ልጄን በተሽከርካሪ አልጋ ገፍተው ወሰዷት። ሞላ ግቢው ውስጥ ጥድ ሥር ሄዶ ብቻውን ተቀመጠ። እኔ የምቀመጥበት ቦታ ፈለግሁ። አንድ ወንበር ብቻ ነበር፣ እሱም ላይ ዘነቡ አለች። ቆምኩ። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«ቁጭ በይ እንጂ» አለች። «አልበላሽም።»

ተቀመጥኩ። ምን ልበል? «እህትሽን እንዴት አደረጋት?» አልኳት።

«ይሻላታል። አጥሚት መጠጣት ጀምራለች።»

«እግዜር ይማራት።»

«አሜን።» ቀጥላም «የእኔ ልጅ እንኳ ጎንደር ሰው ቤት ተቀጥራ ገባች፤ ሰምተሻል?» አለችኝ።

«ታጭታ አልነበር?»

«ታጭታ ነበር። የልጁ እናት ገበያ ላይ ካንቺ ጋር ተገናኘች። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጥተው ቃላቸውን አነሡ።»

ያቺን ሴትዮ አስታወስኳት። በርበሬ ስንመርጥ አጠገብ ለአጠገብ ቆመን ነበር። ያልኩትን አንድም ቃል አልረሳሁትም። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ዘነቡ አላባበለችኝም፤ ግን ተነሥታም አልሄደችም። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እስክትሻገር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልጄ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሆና አብራኝ የምትጠብቅልኝ ያቺው በልታታለች ያልኳት ሴት ሆነች። የእኔ ዘመዶች ግቢ ውስጥ ናቸው።

አሥር ሰዓት ግድም ሐኪሙ ወጣ። ጭንብሉን ወደ አገጩ አወረደ። መጀመሪያ ያየሁት ጥርሱን ነው፤ እየሳቀ ነበር።

«ፈንድቶ ነበር» አለ። «አጥበነዋል። ትድናለች።»

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። «ኧረ በማርያም፣ እኔ አልችልም እንዲህ ያለ ነገር» አለ። እዚያው ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዘነቡ ተነሣች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ እህቷ ገባች።

ማግሥቱን ሲስተሯ መጥታ የልጄን ሙቀት ለካችና አጠገቤ ቆመች። «እናት፣ ትናንት የሰሙኝ ነገር…» ብላ ጀመረች። ፈርታ እንጂ ክፋት ኖሯት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም ፈርቼ ነው ያን ሁሉ ያደረግሁት። «አንቺ አንድ ጊዜ ነው ያልሽው፣ እኔ ስድስት ዓመት» አልኳት። ከዚያ ወዲያ የልጄን ቁስል የምትጠርገው ራሷ ሆነች።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ አንዲት ጠንካራ ካርድ ሰጠን። የመድኃኒቱንና ዘመዶቹ የሆኑትን መድኃኒቶች ስም በቀይ ጽፎባታል። «የትም ስትታከም መጀመሪያ ይህችን ታሳይ» አለኝ። ብርቱካን በላስቲክ ሸፍና አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር አስራታለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ምክር ለመስጠት አፌ አይደፍርም። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ያመናችሁትን አትንገሩት። ያያችሁትን ንገሩት፣ በተራው። እኔ ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር። በዓይኔ ያየሁትን መርፌ ረስቼ፣ ሰው ያለውን ምራቅ ሳስታውስ ኖርኩ። ሐኪሞችም ብታነቡት፣ ያ ወጣት ሐኪም ዝም ቢል ኖሮ ማንም አይጠይቀውም ነበር። እኛው ነበርን የምንሸፍንለት። ልጄን ያዳናት ቢላዋው ብቻ አይደለም፤ ያን ዕለት እውነቱን ባይነግረን ኖሮ ቢላዋውም አይደርስላትም ነበር።

ብርቱካን እግሯ ሲጸና አንድ በግ ይዤ ዘነቡ ቤት ሄድኩ። ጭቃ እየረገጠች ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። እግሯን ከጭቃው ሳታወጣ አየችኝ።

«በጉን መልሺው» አለች። «ይቅርታሽንም ቤቴ ድረስ ይዘሽ መጣሽ። ስታወሪ ግን ቤቴ አልነበርሽም።»

«የት ልበል ታዲያ?»

«ያወራሽበት።»

ሰንበቴ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀምጧል። ዘነቡን «ግቢ» እንድትባልልኝ ለምኜ ነበር። እሷ ግን ከቅጥሩ ውጭ ቆመች። «ጠላ አምሮኝ አይደለም የመጣሁ፣ ስሜን ልሰማ ነው» አለችኝ። ተነሣሁ። መርፌውን፣ እብጠቱን፣ ማርከሻውን፣ ምራቁን በተራው ተናገርኩ። ዘነቡ ልጄን አልበላችም፣ ዘነቡ ለልጄ አዝና ነው የተፋችው፣ የበላሁትስ እኔ ነኝ፣ ስሟን፣ የልጇን ትዳር፣ አልኩ። አንድ ሽማግሌ «ሐኪም ያስጠናት ነው» አሉ። ጥቂቶች ሳቁ። ቄሱ «ተዉአት፣ ትጨርስ» አሏቸው። ሞላ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ ሰማ፤ ስጨርስ ማንንም ሳያነጋግር ወጣ። ከእኔ ጋር እስከ ዛሬ ቀዝቃዛ ነው።

ስወጣ ዘነቡ ሄዳለች። ይቅር ብላኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ቁልቁለቱ ላይ ጀርባዋ ይታየኛል።

አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ከሰፈራችን ናት፣ ሁለት ልጆች ያሏት። ግራ ቀኟን አየች።

«አለምነሽ፣ የኔም ትልቁ ልጅ…» አለች በሹክሹክታ። «አንድ ጊዜ መርፌ ተወግቶ ገላው ሁሉ አብጦ ነበር። በጭንቅ ነው የተረፈ።»

«ለሐኪም ተናግረሻል?»

«አይ። እኛ ያን ቀን ሌላ ነገር ነው ብለን…»

«ማን ነው ብላችሁ?»

ዓይኗ ብቻ ወደ ቁልቁለቱ ሄደ፣ ወደምትወርደው ሴት።

«ልጁን ነገ ወደ ሐኪሙ እወስድልሻለሁ፣ መንገዱን አሳይሻለሁ» አልኳት። «አሁን ግን ሩጪ። ሳትርቅ ድረሺባት።»